ላቧ ያልደረቀ መኪና

ከደብረ ማርቆስ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ጮቄ ተራራ ነው። አላየሁትም። ማለቴ ፊት ለፊቴ ተገትሮ ነበር፤ እኔ ግን ጉዞውን በሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ላይ አጎንብሼ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ተራራ የለውም። ሞተር አለው፣ ክርስትና አለው፣ አንድ ጀሪካን ጠበል አለው፣ የኔታ አንዳርጌ አሉበት። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌለው አንባቢ ይበቃል።

መኪናዋ የዳዊት ናት። ዳዊት የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሌሎች ሰዎች ስላጋጩት መኪና ከሰኞ እስከ ዓርብ ይጽፋል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የራሱን ለአደጋ ያዘጋጃል። እድሜ የጠገበች የጃፓን መኪና ገዝቶ ሞተሯን ፈታ፤ የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ቶርኖ ቤት አስቦርቡሮ አሰፋና ትልልቅ ፒስተን ከተተባት፤ በላዩ ላይ ተርቦ ጨመረ። ተርቦ ለማያውቅ አንባቢ፣ ለሞተር አየር የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው ይባላል፤ ሲበዛ እንደሚያንቅ ግን የጎረሰ ያውቃል።

«ፋብሪካው ግድግዳውን ያወፈረው ብረት ተርፎት ይመስልሃል?» አልኩት አንድ እሁድ።

«ጋሼ፣ ፋብሪካው የሠራት ለፈሪ ነው።»

«ለእኔ ማለትህ ነው።»

«ስም አልጠራሁም።»

የጉዞው ምክንያት ስሜነህ ነው። ከዳዊት ጋር ዩኒቨርሲቲ አብሮ ተምሮ አሁን ከደብረ ማርቆስ በላይ ባለችው ሮብ ገበያ ያስተምራል። ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ እሁድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና አባቱ ዳዊት ነው። አርባ ቀን እንደ ስብሰባ ለሚቀጥለው ሳምንት አይተላለፍም። እኔን የላከችኝ ሚስቴ ናት። «አብረኸው ሂድ፤ ስትከራከሩ እንቅልፍ አይወስደውም» አለችኝ። በትዳር ዘመናችን ለክርክሬ የተሰጠው የመጀመሪያ ምስጋና ይህ ነበር።

ዓርብ

መንገዱ ሰላም መሆኑ በስልክ ተጠይቆ፣ ተደግሞ ተጠይቆ፣ ጎህ ሲቀድ ወጣን። እስከ ጎሐ ጽዮን መኪናዋ እንደ ሙሽራ ነበረች። ዳዊት ነዳጅ ሲረግጥ ተርቦዋ ታፏጫለች፤ እሱም አብሯት ያፏጫል።

«ሰማሃት? ደጋ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሌላው መኪና ትንፋሽ ያጥረዋል። ይቺ ግን ቀጭኑን አየር ታወፍረዋለች። እንዲያውም ተርቦ ለእኛ አገር ነው የተፈጠረው!»

ክርክሩ ትክክል ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ቁልቁለቱን በደህና ወረድን። የአባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ማዝገም ጀመረ። ዳዊት መስኮቶቹን አስከፍቶ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ለቀቀው። በአባይ በረሃ፣ በቀትር፣ ማሞቂያ።

«የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ እየሳብኩ ነው» አለ።

«እኛ ራዲያተር የለንም እኮ።»

«ላብ አለህ አይደል ጋሼ!»

ደጀን ጫፍ ላይ ቆመን ስንተነፍስ ጉዳዩን አስረዳኝ። የሞተሩ ዋና አካል ብሎክ ይባላል፤ የእሷ ብረት ነው። በላዩ የሚከደነው ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ክዳኑ ይቀድማል። በቡሎን ተጠፍንገው ስለታሰሩ ግን መሄጃ የለውም፤ ሙቀቱ ከበዛ ይጣመማል። ሰምቼ ሳበቃ ይህ የእኔና የሚስቴ ታሪክ መሰለኝ። አንዱ ቶሎ ይግላል፣ ሌላዋ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ የሚጣመመው ቶሎ የሚግለው ነው።

ደብረ ማርቆስ ስንገባ ብርዱ እንደ ዘመድ አቀፈን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት እትዬ የሺ የሚባሉ ደርባባ ሴት ናቸው። አዲስ አበባ አልጋ ስትይዝ መታወቂያህን ይጠይቁሃል፤ እዚህም ጠየቁን፤ ግን አስቀድመው የማን ልጆች እንደሆንን፣ ለማን ክርስትና እንደመጣን፣ ምሳ በልተን እንደሆነ ጠየቁ። የጾም ሽሮና በሰናፍጭ የተለወሰ ድንች አቀረቡልን። የዳዊትን ቀይ ፊት አይተው ደነገጡ።

«ፀሐይ ነው?»

«ማሞቂያ ነው እትዬ።»

«በአባይ?» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? ዝም ብለው አዩት?»

በእድሜዬ ሙሉ ዝም ብለህ እይ ስባል እንጂ፣ ለምን ዝም አልክ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ሳልጠይቃቸው ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጡልኝ። ክብደቱ አንድ በግ ያህላል፤ ከሥሩ ለመገላበጥ ጉልበት ይጠይቃል።

ቅዳሜ

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደለም፤ ግን ወደ ላይ ነው። ድንች ለመጫን ባዶዋን የምትወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ከፊታችን ገባች፤ ከእሷ ፊት ደግሞ ከብቶች። የዳዊት መኪና የተሠራችው ነፋስ እየሰነጠቀች እንድትሮጥ ነው፤ የሚያበርዳትም ያ ነፋስ ነው። ማራገቢያ አልነበራትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበራት። ዳዊት ጉልበት ይበላል ብሎ ትልቁን አውልቆ ትንሽ ገጥሞላት ነበር። በላም እርምጃ ስንወጣ ቀስቱ ቀዩን ነካ። ነጭ እንፋሎት ከኮፋኖው ሥር ወጣ። ከሮብ ገበያ በታች፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ጽድ ሥር ቆምን።

በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ጮቄ ግርጌ ባቄላ ቀኑን ሙሉ ተቀቅሎ የማይበስለው ውሃው ብዙ ሳይግል ስለሚፈላ ነው። የእኛም ራዲያተር ባቄላ የሌለበት ድስት ሆኖ ነበር። ዳዊት ክዳኑን በጨርቅ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ አላላው፤ የቀረው ውሃ ተንፎልፉሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ማንም እንዳይነካት። እስክትቀዘቅዝ ድረስ ውሃ የሚባል ነገር አይጠጋት» ብሎኝ ለስሜነህ ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣ።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። ከሰማይ ይወርዳሉ እንዴ ያሰኛል። አንድ ገበሬ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሞተሩን አየው።

«ምን አብልታችኋት ነው?»

«አየር» አልኩ።

«አየር በልቶ የጠገበ አላየሁም።»

የኔታ አንዳርጌ የመጡት ያኔ ነው። የኔታ የስሜነህ አባት ናቸው፤ እድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም። እንግዶቹ መንገድ ላይ ቀሩ ሲባል ለክርስትናው የቀዱትን ጠበል በአህያ እንደጫኑ ሊቀበሉን ወርደዋል። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝና ወደ መኪናዋ ዞሩ።

«ምን ሆነች?»

«ሞቃለች። ልጁ እስክትቀዘቅዝ ትቆይ ብሏል፣ የኔታ።»

«የቱ ልጅ?»

«ዳዊት፤ የልጅ ልጅዎ ክርስትና አባት።»

«እሱ ክርስትና አባት እንጂ ሐኪም አይደለም። ስታቃስት አትሰማም?» ጀሪካኑን ከአህያዋ አወረዱ። «ለጠበል ቀጠሮ አይሰጥም።»

በክርክር የኖርኩት ሰው መልሴን እያቀናበርኩ ሳለሁ የኔታ በስመ አብ ብለው ገሚሱን ወደ ራዲያተሩ፣ የቀረውን በጋለው ሞተር ላይ አፈሰሱት። ከጮቄ ሥር የሚፈልቅ ውሃ ጥርስ ያደነዝዛል። ሞተሩ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ሁላችንንም ሸፈነን፤ ከውስጡ ደግሞ አንዲት ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፦ ጧ።

«ለቀቃት!» አለ ገበሬው። ሴቶቹ እልል አሉ።

ዳዊት ከጉብታው እየሮጠ ሲወርድ እርጥቡን ሞተርና ባዶውን ጀሪካን አየ። እኔን አየኝ። እኔ ተራራውን አየሁ፤ ጮቄን በደንብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አጠጣናት፣ አይዞህ» አሉት የኔታ።

የዳዊት የስንት ዓመት እሁድ ነው እዚያ ሞተር ውስጥ ያለው። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመና «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አለ። ይህን ልጅ ሁሌም እወደው ነበር፤ ያን ቀን ግን አከበርኩት።

ከፊታችን የነበረችው የድንቿ መኪና ተመልሳ በገመድ ጎትታ ስሜነህ ደጅ አደረሰችን። እግራችንን አጠቡን፤ የገብስ ጠላ ቀረበ፤ የተቀመጥኩበት አጎዛ ከአዲስ አበባው ሶፋዬ ይሻላል። ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ብሎኩ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ለማንም እንዳትናገር።»

«ለምን?»

«የኔታ ካወቁ በሬያቸውን ሸጠው ነው የሚያሠሩልኝ። ያላቸው አንድ ጥንድ ነው። ደግሞ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ቀን ላዋርዳቸው?»

ተስማማሁ። ከተሜ ሲተባበር አብዛኛውን ጊዜ ለመደበቅ ነው።

እሁድ

ሕፃኑ ውሃው ሲነካው ደብሩን በጩኸት ሞላው። የኔታ ማኅሌት ላይ ቆመው ሲሰሙት ፈገግ አሉ፤ ኋላ «ድምፅ አለው» ብለው ለሁሉም አወሩ። ዳዊት በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ልጁን ሲታቀፍ፣ መሪ ሲጨብጥ አይቼው የማላውቀውን ጥንቃቄ አየሁበት።

ድግሱ ላይ ግን ስለ ሕፃኑ ከተጠየቀው ስለ መኪናዋ የተጠየቀው በለጠ። ጠበል የጠጣች መኪና ወሬዋ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። «አስነሣትና እንያት!» ይላሉ። ዳዊት ቢያመነታም ሰው አልተወውም። ውሃ ሞላባት፤ አስነሣት። ተንገጫገጨች፤ አነጠሰች፤ ከጭስ ማውጫዋ ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ። ወደ ሲሊንደሩ ውሃ የሚገባባት መኪና እንዲህ ነው የምታደርገው።

የኔታ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። «ስትመጣ አንድ ድምፅ ነበራት፤ አሁን ሁለት ሆነ። ምንድን ነው ዳዊት?»

ዳዊት ሞተሩን አጠፋና ያዘጋጃትን ውሸት አወጣ። «የኔታ፣ ከአባይ ጀምሮ የተጎዳች ናት። ጠበሉ ምንም አላደረጋትም።»

አረፍኩ። በደንብ የተቀመመች ውሸት ነበረች፤ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ወሰደ። የኔታ «እህ» አሉና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ዶሮ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች «ጠበሉ ምንም አላደረጋትም አለ እኮ ልጁ» ሲባባሉ ሰማሁ። ሽማግሌው ደክሟቸው ነው አልን።

ሰኞ

የድንቿ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ስትወርድ ጎትታ ልትወስደን ተስማማች። የኔታ ጋቢያቸውን ለብሰው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

«እኔም እሄዳለሁ።»

«ምን ያደርግልዎታል የኔታ? ዘይትና ጭቃ ነው» አለ ዳዊት።

«እሄዳለሁ አልኩ።»

መካኒኩ ሙሉቀን ይባላል፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል፤ እጁም ቀርፋፋ አይደለም። ቴስታታውን ፈትቶ አነሣና ፊቱን ጠርጎ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደመበት። ከበስተጀርባ የእጅ ባትሪ አበራ። ብርሃኑ በማስመሪያው ሥር እንደ ቀጭን ክር ሾልኮ ወጣ።

የኔታ ተጠግተው አዩ። «ይህ ብርሃን ክፉ ነው ወይስ ደግ?»

«ክፉ ነው አባቴ። ቀጥ ቢል አያሳልፍም ነበር። ጠሟል። ይሄ የሙቀት ሥራ ነው፤ የባለቤቱ ጥጋብ። ይላጋል፣ ይድናል።» ከዚያ ወደ ብሎኩ ጎንበስ አለ። የአንዱን ሲሊንደር ግድግዳ በጣቱ ዳሰሰ። «ይሄ ግን ሌላ ነው። ስንጥቅ ነው፤ ትኩስ ነው፤ ዝገት እንኳን አልያዘም።»

ዳዊት ከየኔታ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን ይጠቅስለታል። ሙሉቀን ቀና አለ።

«ዓይንህን ምን ነካው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያርገበግበዋል? እኔ እምልህ፣ ይቺ መኪና ግላ እያለች ውሃ አፍስሳችሁባታል?»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት፤ ጠበል ነው» አሉ።

ሙሉቀን እጁን ጠረገ። «እንግዲህ... ጠበልም ይሁን የቧንቧ፣ ብርዱ ብርድ ነው አባቴ። በጋለ ብረት ላይ ድንገት ሲያርፍ አንዱ ወገን ይኮማተራል፣ ሌላው ወገን እንደጋለ ነው። ግድግዳው እንደ ድሮው ወፍራም ቢሆን ይችለው ነበር። ቦርቡረው አሳስተውታል።»

«የኔታ፣ ያሳሳሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምንም...» ዳዊት ጀመረ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ልጄ፣ ሙሉቀን፣ እርግጠኛ ነህ? የሰነጠቃት ጠበሉ ነው?»

«ውሃው ነው፤ አዎ።»

የኔታ ጥምጥማቸውን ቀና አደረጉ። ፊታቸው በራ። «ተመስገን!» አሉ።

እኔና ዳዊት ተያየን። ሽማግሌው የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ከትላንቱ ድግስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ትላንት ምን አልከኝ ዳዊት? ጠበሉ ምንም አላደረጋትም አልከኝ። በሰው ሁሉ ፊት። የምትናገረው ደግሞ አንተ ነህ፤ የልጁ ክርስትና አባት። ከድግሱ የተመለሰ ሁሉ ጠበሉ አቃተው እያለ ነው የገባው። እህል በአፌ አልዞረም። ለእኔ ብለህ እንደዋሸህ አሁን ገባኝ። እኔን ልታድን ጠበሉን አሳልፈህ ሰጠኸው!»

ዳዊት አንገቱን ደፋ። «ያዝናሉ ብዬ ነው፣ የኔታ።»

«ጠበሉስ? እሱ አያዝንም? ጠበሉ አልሰነፈም፤ ሞኝ እጅ ላይ ወደቀ እንጂ። አንዳርጌ ሞኝ ነው ቢባል ለአገሩ አዲስ ወሬ አይደለም።» ወደ ተሰነጠቀው ብሎክ አዩ፤ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ላቧ ያልደረቀ በቅሎ ውሃ አይሰጣትም። መጀመሪያ ታዘዋውራታለህ፣ ታሳርፋታለህ፣ ከዚያ ነው። ይህን የማያውቅ በደብሩ የለም። በቅሎ ብትሆን አልሳሳትም ነበር። ብረት ናት፣ ላብ የላትም ብዬ ነው።»

«በሬውን ግን እንዳይሸጡ» አለ ዳዊት ፈጠን ብሎ።

«የምን በሬ? ማን በሬ ይሸጣል? አንተ ግድግዳ አሳሳህ፣ እኔ ውሃ አፈሰስኩ፤ እኩል ነን። የእኔን ድርሻ በጸሎት እከፍላለሁ፤ የአንተን እንደምታውቅ።»

ሙሉቀን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለት ቀን በጥንቃቄ የጠበቅነውን በሬ ለመሸጥ ያሰበ ሰው እንኳን አልነበረም። የኔታ የዳዊትን ስልክ ተቀብለው ለልጃቸው ደወሉ፤ እስከ ሮብ ገበያ ያለ ስልክ ሊሰማ በሚችል ድምፅ።

«ስሜነህ! ለሰው ሁሉ ንገር! ጠበሉ ሰንጥቋታል! አዎ፣ ብረቱን! ከላይ እስከ ታች! አቃተው ላለ ሁሉ ንገር!»

ሰውን ከእውነት ማዳን ደግነት ነው ብዬ በየመጽሔቱ ጽፌ አውቃለሁ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ የዚህን ሰው ኩራት ስሰማ፣ ያን ሐሳብ ከየት እንዳመጣሁት ጠፋኝ። እኛ አዲስ አበባዎች ሰው ጥፋቱን ሲሰማ የሚሰበር ይመስለናል፤ ብሎካችንን ስላሳሳነው ይሆናል።

ማክሰኞ

መኪናዋ ሙሉቀን ዘንድ ቀረች፤ እኛ አውቶቡስ ያዝን። የኔታ ማታ ቤታቸው ገብተው፣ ጠዋት ተመልሰው ወርደው መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። እትዬ የሺ ለመንገድ ዳቦ ጠቅልለውልናል፤ ለዳዊት ደግሞ «በአውቶቡሱም ማሞቂያ አስከፍት እንግዲህ» የሚል ሽሙጥ ጨምረውለታል። ዳዊት መስኮቱ ጋር ተቀምጦ በስልኩ ሌላ ብሎክ ማፈላለግ ጀምሯል፤ ግድግዳው ያልተነካ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል የኔታ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጀሪካን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ለዳዊት አይደለም፤ ለእኔ።

«ቅዳሜ ከቀዳሁት ቤት የተረፈ ነው። ለመኪና አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ የኔታ።»

«አልገባህም። አራት ቀን ሰማሁህ። ስትከራከር ትግላለህ። ስትግል እንዳትጠጣው። ተቀመጥ፣ ተዘዋወር፣ ላብህ ይድረቅ፣ ከዚያ ጠጣ። አንተም ግድግዳህ ወፍራም አይመስለኝም።»

መልስ ነበረኝ። አውቶቡሱ ተነሣና አባይን እስክንሻገር ሳሻሽላት ቆየሁ።

ጀሪካኗ አሁን ወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ናት። ለሚስቴ ታሪኩን ነግሬያት ነበር፤ ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር አትመልስልኝም። ቀና ብላ መደርደሪያውን ታያለች። እኔም ተነሥቼ ግቢውን አንድ ሁለቴ እዞራለሁ፤ ስመለስ ክርክሩ በርዶ፣ ብርጭቆዬ ተቀድቶ ይጠብቀኛል።